«የቻርሊ አክስት» በዓለም መድረክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ እንግሊዛዊ ኮሜዲና ከአገሩ ውጭ ስላየው ዕድሜ የትያትር ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ይኸው፤ ዓመታቱ በሙሉ፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የቻርሊ አክስት» ምን ዓይነት ተውኔት ነው?

እንግሊዛዊው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ብራንደን ቶማስ የደረሰው ባለ ሦስት ገቢር ኮሜዲ ነው። እንግሊዞች «ፋርስ» በሚሉት ዘርፍ ይመደባል። በፋርስ ውስጥ አንድ ሰው ትንሽ ውሸት ይዋሻል፤ እሷን ለመሸፈን ሁለተኛ ይዋሻል፤ ከዚያ በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል፣ አንዱ ሲደበቅ ሌላው ይደርሳል። ሳቁ የሚመጣው ከቀልድ ንግግር ይልቅ «አሁን ሊያዙ ነው!» ከሚለው የተመልካች ጭንቀት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ጃክ ቼስኒና ቻርሊ ዋይከም የኦክስፎርድ ተማሪዎች ናቸው። ኪቲና ኤሚ የተባሉ ሁለት ልጃገረዶችን ወደዋል፤ የልባቸውን ሊነግሯቸው ምሳ ሊጋብዟቸው ይፈልጋሉ። በዚያ ዘመን ግን ጨዋ ልጃገረድ ትልቅ ሴት በሌለችበት ወደ ወንድ ተማሪ ክፍል አትገባም። ደግነቱ ዶና ሉሲያ ዳልቫዶሬዝ የምትባል የቻርሊ አክስት፣ ባሏ የሞተባት ባለጸጋ፣ ያን ቀን ከብራዚል ትመጣለች ተብሏል። ሁሉም ነገር ከተሰናዳ በኋላ ቴሌግራም ይደርሳል፦ አክስት በተባለው ቀን አትመጣም።

ልጃገረዶቹ በር ላይ ናቸው። ጓደኛቸው ሎርድ ፋንኮርት ባበርሊ («ባብስ» ይሉታል) ደግሞ ለተማሪዎች ትያትር የአሮጊት ልብስ አዘጋጅቶ እየለካ ነው። ጎትተው «አክስቴ ይህች ናት» ይሏቸዋል። ከዚያ በኋላ የባሰው ይመጣል፦ ገንዘብ የቸገረው የጃክ አባት ሰር ፍራንሲስና የኤሚ አጎት፣ የኪቲም ሞግዚት የሆነው ስግብግቡ ስፔቲግ ሀብታሟን «አክስት» ለማግባት ይሽቀዳደማሉ። እውነተኛዋ ዶና ሉሲያም በሌላ ስም ከች ትላለች፤ በስሟ የሚነግደውን ጎረምሳ እያየች ዝም ብላ ትታዘባለች።

ቻርሊ የተባለው ቻርሊ ቻፕሊን ነው?

አይደለም። ተውኔቱ መጀመሪያ መድረክ ላይ ሲወጣ ቻፕሊን ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ግራ መጋባቱ ግን ምክንያት አለው፦ በ1925 በተሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ቀሚሱን የለበሰው የቻፕሊን ታላቅ ወንድም ሲድኒ ቻፕሊን ነበር። «ቻርሊ፣ ቻፕሊን፣ አስቂኝ ፊልም» የሚሉት ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

መጀመሪያ የታየው የት ነው?

ለንደን አይደለም። በምሥራቅ እንግሊዝ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ በምትባል ከተማ፣ ቲያትር ሮያል በተሰኘ ትንሽ አዳራሽ፣ የካቲት 29 ቀን 1892 ነበር። በአራት ዓመት አንዴ ብቻ በሚመጣ ቀን መጀመሩን የትያትር ሰዎች እስካሁን ያነሡታል። ተውኔቱን ያስጻፈው የቶማስ ወዳጅ ደብሊው ኤስ ፔንሊ የተባለ ዝነኛ የኮሜዲ ተዋናይ ሲሆን የባብስን ቦታም ራሱ ተጫወተ። አዳራሹ ዛሬም አለ። በ1819 የተሠራ ነው፤ ከ1925 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል የቢራ በርሜል ማከማቻ ሆኖ ኖረና በ1965 እንደገና ትያትር ሆነ።

ለንደን የገባው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 21 በሮያልቲ ቲያትር ነው። አዳራሹ ጠበበውና በጥር 1893 ወደ ግሎብ ተዛወረ፤ እስከ 1896 መጨረሻም አልወረደም። በድምሩ 1,466 ጊዜ ታየ። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረው «አወር ቦይስ» የተባለ ኮሜዲ 1,362 ጊዜ ነበር የታየው፤ የዓለምን ረጅም ዕድሜ ክብረ ወሰን ከእሱ ወሰደ ማለት ነው።

ግሎብ ሲባል የሼክስፒሩ ነው?

አይደለም፣ ስሙ ብቻ ነው የተገጣጠመው። የሼክስፒር ኩባንያ ግሎብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈርሷል፤ ዛሬ በቴምዝ ዳር የሚጎበኘው በ1990ዎቹ የታነጸ ነው። «የቻርሊ አክስት» የታየበት ግሎብ ስትራንድ በሚባለው ሰፈር በ1868 ተከፍቶ ለመንገድ ሥራ ሲባል በ1902 የፈረሰ ሌላ አዳራሽ ነው።

ከእንግሊዝ ውጭ በዚህ ፍጥነት የተሠራጨው ለምንድን ነው?

በጥቅምት 1893፣ ለንደን ላይ ዓመት ሳይሞላው፣ ፕሮዲዩሰሩ ቻርልስ ፍሮማን ኒው ዮርክ ላይ አወጣው፤ ቀሚሱን የለበሰው ኤትየን ዢራርዶ ነበር። በ1894 ሞሪስ ኦርዶኖ ለፓሪስ አዘጋጀው። በጀርመንና በሩሲያም በዚያው አሥርት ዓመት መድረክ አገኘ።

አንደኛው ምክንያት ተራ ሒሳብ ነው። ዋና ዋናዎቹ ገፀ ባሕርያት አሥር ናቸው፤ መቼቱም ሦስት ብቻ ነው፦ የተማሪ ክፍል፣ የግቢ አትክልት ስፍራ፣ የስፔቲግ ሳሎን። ሁለት ሻንጣ ልብስ የያዘ ተጓዥ ቡድን የትም ከተማ ሊያሳየው ይችላል። ሁለተኛው ግን ለእኔ ይበልጣል። የሚያስቀው ነገር በእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ ላይ አልቆመም። ሻይ እያፈሰሰ የሚያወራ «አክስት» ጨዋታው ይዞት ሻዩን በስፔቲግ ባርኔጣ ውስጥ ሲቀዳው ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም። አንድ ሽማግሌ ለገንዘብ ብሎ በፍቅር ሲንበረከክ፣ የተንበረከከለት ሰው ደግሞ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ እንደለበሰ ተመልካቹ ሲያውቅ፣ ሕንድም ሆነ ሩሲያዊ የሚስቀው እኩል ነው።

ፈረንሳዮች ለምን «የቻርሊ ክርስትና እናት» ይሉታል?

ኦርዶኖ የሰጠው ርእስ «ላ ማሬን ደ ሻርሌ» ስለሆነ ነው፤ «ማሬን» የክርስትና እናት ማለት ነው። ፈረንሳዮች በ1935ም በ1959ም ፊልም ሲሠሩ በዚሁ ርእስ ቀጠሉ። ዝምድናው ቢቀየር ታሪኩ ቅንጣት አይጎድለውም፤ የሚያስፈልገው እንደ እናት የምትከበር፣ ግን ማንም በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሴት ብቻ ናት። እስፓንያውያን አክስትነቷን ሳይነኩ የልጁን ስም ቀየሩና «የካርሎስ አክስት» አሏት።

በሕንድ የታወቀው «ሞሩቺ ማውሺ» ያው ተውኔት ነው?

አዎ። በማራቲ ቋንቋ የታወቀው ደራሲና ጋዜጠኛ ፒ ኬ አትሬ የሠራው ውርስ ትርጉም ነው፤ «የሞሩ አክስት» ማለት ነው። አትሬ ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ ታሪኩን አገሩ ላይ ተከለው። ቻርሊ ሞሩ ሆነ፤ የቪክቶሪያ ዘመን ጥቁር ቀሚስም ሳሪ ሆነ።

ዛሬ ማራቲ በሚነገርባት የሕንድ ግዛት በማሃራሽትራ ውስጥ ይህን ተውኔት ስታነሡ ሰው የሚያስታውሰው ቪጄይ ቻቫንን ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አክስቲቱን ለዓመታት ተጫውቷል፤ በ2018 ሲሞትም ከሁሉ በፊት የተነሣለት ይኸው ሚና ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በማራቲ የእናት እኅትና የአባት እኅት መጠሪያቸው ይለያያል፤ «ማውሺ» የእናት እኅት ናት። እንግሊዝኛው (እንደ እኛ አማርኛ ሁሉ) ሁለቱንም በአንድ ቃል ያልፋቸዋል፤ ማራቲ ግን ተርጓሚውን «የትኛዋ?» ብሎ ያስመርጠዋል። አትሬ የእናት ወገንን መረጠ።

ሶቪየት ኅብረት ሲማሩ የነበሩ ሰዎች የሚያወሩት ፊልም ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በሚገባ። በሶቪየት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለተማሩ ጥያቄው እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ፊልሙ በ1975 ቪክቶር ቲቶቭ ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው «ጤና ይስጥልኝ፣ አክስታችሁ ነኝ!» ነው። ርእሱ ራሱ ሩሲያውያን ያልጠበቁት ነገር ዱብ ሲልባቸው የሚሉት አባባል ነው። አሌክሳንደር ካሊያጊን ባብስን ሆኖ ይጫወታል፤ እዚህ ግን ባብስ ሎርድ ሳይሆን ሥራ ያጣ ምስኪን ነው። ለውጧ ትንሽ ብትመስልም ነገሩን ትገለብጠዋለች፦ በእንግሊዙ ተውኔት አንድ ጌታ ለጨዋታ ያዋረደው ራሱን ነው፤ በሶቪየቱ ፊልም ደግሞ የተራበ ሰው ሀብታሞች በፊቱ ሲሰግዱ ያያል።

ከሁሉ የሚታወቀው ዐረፍተ ነገር የአክስቲቱ መተዋወቂያ ነው። እንግሊዝኛው «የቻርሊ አክስት ነኝ፤ ከብራዚል፣ ለውዙ ከሚመጣበት» ይላል፤ «ለውዝ» የሚለው እንግሊዞች በስሟ የሚጠሩትን የብራዚል ፍሬ ነው። ሩሲያኛው «ከብራዚል፣ በጫካዋ ብዙ፣ ብዙ የዱር ዝንጀሮ ከሚኖርባት» አለው። ካሊያጊን «ብዙ፣ ብዙ» የምትለዋን እየጎተተ፣ ማራገቢያውን እያወዛወዘ ሲናገራት ሰውየው ስለ ብራዚል የሚያውቀው እዚያው ላይ እንዳለቀበት ከፊቱ ታነቡታላችሁ። የጃክ አባት የኮሎኔሉ «ያረጀሁ ወታደር ነኝ፤ የፍቅር ቃል አላውቅም» የምትለዋ ንግግርም እስከ ዛሬ ሩሲያ ውስጥ በየጨዋታው ትጠቀሳለች።

ጀርመኖችና ስካንዲኔቪያውያንስ?

ጀርመኖች «ሻርሊስ ታንቴ» እያሉ በየትውልዱ ተመልሰውበታል። በ1934 ፓውል ኬምፕ፣ በ1956 ሃይንዝ ሩማን፣ በ1963 ደግሞ ኦስትሪያዊው ፔተር አሌክሳንደር ቀሚሱን ለብሰው በፊልም ተጫውተዋል። ዴንማርክ በ1959 ለተወዳጁ ኮሜዲያኗ ዲርክ ፓሰር ሰጠችው። በየአገሩ ሚናው የሚሰጠው ሕዝብ አስቀድሞ ለሚወደው ኮሜዲያን መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ከቀሚሱ ሥር ማን እንዳለ ተመልካቹ ማወቅ አለበት።

በአሜሪካ የወጣው ሙዚቃዊ ትያትር ይኸው ነው?

መሠረቱ ይኸው ነው። አሜሪካውያን መጀመሪያ በ1940 ሆሴ ፌረር ባብስን የሆነበትን ዝግጅት ብሮድዌይ ላይ 233 ጊዜ አዩ፤ በቀጣዩ ዓመት ጃክ ቤኒ በፊልም ተጫወተው። በ1948 ደግሞ ፍራንክ ሎሰር ዜማና ግጥሙን፣ ጆርጅ አቦት ጽሑፉን ሠርተው «ቻርሊ የት አለ?» የተባለውን ሙዚቃዊ ትያትር አወጡ፤ 792 ጊዜ ታየ።

እዚህ ባብስ የሚባል ሰው የለም። አክስቱን የሚሆነው ራሱ ቻርሊ ነው፤ ስለዚህም ቻርሊን የተጫወተው ሬይ ቦልጀር በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ እየሮጠ ልብስ እንደሚቀይር አስቡት። ቦልጀር ስለ ኤሚ የሚዘፍነው ዘፈን ላይ ሲደርስ አዳራሹን ሙሉ አብሮት ያዘፍን ነበር። እኔ ግን፣ ዜማው ቢጥምም፣ ባብስ መጥፋቱ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ወንድ ቀሚስ የሚለብሰው በጊዜው ሴቶች መድረክ ላይ ስለማይወጡ ነው?

አይደለም። በእንግሊዝ ሴቶች ከ1660ዎቹ ጀምሮ መድረክ ላይ ነበሩ፤ በዚሁ ተውኔት ውስጥም አራት የሴት ገፀ ባሕርያት አሉ። በእኛ አገር በትያትር መባቻ ወንዶች የሴት ሚና ይጫወቱ የነበረው ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር ነው፤ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ፈር ቀዳጆች ናቸው ያንን የሰበሩት። ያን ጊዜ ወንዱ ተዋናይ የሚደክመው ተመልካቹ ወንድነቱን እንዲረሳለት ነበር።

«የቻርሊ አክስት» የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ተመልካቹ ለአፍታም መርሳት የለበትም። ስለዚህ ሚናው ላይ የሚወድቁት ብዙ ጊዜ ሴት መምሰል አብዝተው የሚችሉ ተዋንያን ናቸው። ድምፃቸውን ያቀጥናሉ፣ ወገባቸውን ያወዛውዛሉ፣ ያኔ ነገሩ ይሞታል። ጥሩ ባብስ ግራ የተጋባ ጎረምሳ ነው፦ እግሩን አንፈራጦ ይቀመጣል፣ ደንግጦ ያስተካክላል፤ ሲጋራ ያምረዋል፤ ስፔቲግ ሲያባርረው ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሲሮጥ ሱሪው ይታያል። ዊጉና የዳንቴል ቆቡ አሮጊት፣ ሩጫው የሃያ ዓመት ልጅ።

ሴቶችን አያንቋሽሽም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአዘጋጁ እጅ ነው። ጽሑፉ የሚያዋርደው ወንዶቹን ነው፤ ለገንዘብ ብለው ፊቷን እንኳ በቅጡ ላላዩት ሴት የሚንበረከኩት እነሱ ናቸው። ከሁሉ ብልህ የሆነችው ገፀ ባሕርይ እውነተኛዋ ዶና ሉሲያ ናት፤ ሁሉን አውቃ ለመናገር ጊዜዋን ትጠብቃለች። ሳቁን ከሞኞቹ ወንዶች ላይ አንሥቶ «ሴት መምሰል ራሱ ያስቃል» ወደሚለው የሚወስድ ዝግጅት ግን ያስቀይማል፤ ቢቀየሙትም ትክክል ነው።

ከሳቁ ሌላ ምን አለው?

ብዙዎች የሚያልፉት ባብስና ኤላ ደላሄን ነው። ባብስ ከዚህ በፊት በሞት አፋፍ ላይ ከነበረ መኮንን ጋር ካርታ ተጫውቶ፣ ልጁ ባዶ እጇን እንዳትቀር አውቆ ተሸንፎለታል። ያቺ ልጅ ኤላ ናት፤ የተሸነፈበት ገንዘብም መኖሪያዋ ሆኗል። እውነተኛዋ ዶና ሉሲያ ልጅቷን ይዛት ትመጣለች። ኤላ በቀሚስ ያለውን ባብስን አታውቀውም፤ ድምፁ ግን ያን ደግ ሰው ያስታውሳታልና ለ«አሮጊቷ» የልቧን ታጫውታታለች። የሚወዳት ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይሰማል፤ ዊጉን አውልቆ «እኔ ነኝ» እንዳይላት ጓደኞቹን ያጠፋል። አዳራሹ ሲያስካካ ቆይቶ እዚህ ጋ ጸጥ ካላለ ዝግጅቱ አንድ ነገር ጎድሎታል። ሙዚቃዊው ትያትር ያጣው ይህን ነው።

አሁን ማንም ተነሥቶ ሊያሳየው ይችላል?

ብራንደን ቶማስ የሞተው በ1914 ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የሚጠበቅ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ዋና ጽሑፍ ያንን ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ጥንቃቄ የሚያሻው በኋላ የተሠራው ላይ ነው፦ የአትሬ ውርስ ትርጉም፣ የሎሰር ዘፈኖች፣ የሶቪየቱ ፊልም ቃለ ተውኔት የየራሳቸው ባለቤትና የየራሳቸው ዘመን አላቸው። የዝንጀሮዋን ዐረፍተ ነገር ከፊልሙ ወስዶ መድረክ ላይ ማስገባትና ከቶማስ ጽሑፍ መነሣት አንድ አይደለም።

በአማርኛ ቢዘጋጅ የሚከብደው ምኑ ነው?

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። እንግሊዝኛው ለሦስቱም አንድ ቃል ስላለው ቶማስ ይህ ጣጣ አልገጠመውም። ሩሲያኛና ማራቲ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላቸው፦ ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር እንኳ ግሱ ጾታውን የሚያጋልጥበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ካሊያጊንና ቻቫን «እኔ» ባሉ ቁጥር አፋቸውን መጠበቅ ነበረባቸው። አማርኛ እዚህ ላይ ለባብስ ይመቸዋል። «መጣሁ፣ በላሁ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅበትም። «እርስዎ»ም ጾታ የለውም፤ «ይቀመጡ» ለአባትም ለእናትም ነው። የአክብሮት ቋንቋችን ራሱ ለውሸቱ መደበቂያ ይሆነዋል ማለት ነው።

ውሸቱ የሚፈርሰው በጓደኞቹ አፍ ነው። ቻርሊ እንግዶቹ ፊት «አክስቴ፣ ሻይ ይጨመርልዎ?» ይላል፤ ዘወር ሲሉለት በጥርሱ መሃል «ዝም በል አንተ!»። አንዴ ድንገት ቢምታታበትና ጮክ ብሎ «ና ወዲህ!» ቢል፣ ከዚያ «…ይምጡ ማለቴ ነው» ቢል፣ እንግሊዝኛው ፈጽሞ የሌለው ሳቅ ነው። ተርጓሚው ይህን ካልተጠቀመበት ግማሹን ሀብት ጥሎ ሄደ።

የለውዟ ነገርስ? ለእኛ ተመልካች የብራዚል ለውዝ ምንም አይለውም፤ ዝንጀሮውም የሩሲያውያን ነው። እኔ ብሆን ባብስ ቀሚሱን አስተካክሎ፣ ላብ ላብ እያለው እንዲህ እንዲል አደርግ ነበር፦ «የቻርሊ አክስት ነኝ፤ ከብራዚል፣ ቡና ከተገኘበት አገር!» ከኋላ ወንበር «ምን አለች?» የሚል ድምፅ እስኪመጣ ድረስ ቀጣዩን ቃል አልናገርም።